ብቻችሁን ፕሮግራም ለምትሠሩ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ የምሠራበት ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሌላው ባትሪው ከሞተ ዓመታት ያለፉት፣ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ለደንበኛ የሚሄድ ፕሮግራም ሁሉ መጀመሪያ የሚጫነው እዚያ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ከሥራ መሣሪያዎቼም አንዱ እንኳ ሳይኖርበት። ከዚያ አንድ ሽያጭ እሞላለሁ፣ "መዝግብ" የሚለውን እጫናለሁ፣ ወዲያው ገመዱን ከሶኬቱ እነቅላለሁ። ባትሪ ስለሌለው ድርግም ይላል፤ መርካቶ ውስጥ ገበያው በደራበት ሰዓት መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው ማለት ነው። መልሼ ስከፍተው ያ ሽያጭ ወይ ሙሉ በሙሉ መኖር፣ ወይ ጨርሶ አለመኖር አለበት። ግማሹን ካገኘሁ ያ እትም ከቤቴ አይወጣም።

ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚያስቀድሙት "በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?" የሚለውን ነው። በምታውቁት ጀምሩ። እኔ ያደግኩት በቪዥዋል ቤዚክ 6 ነው፤ ማይክሮሶፍት ለመሥሪያው የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ቢያቆምም፣ በዚያ የሠራሁት የዕቃ መቆጣጠሪያ በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ባለቤቱ በምን እንደተሠራ ጠይቀውኝ አያውቁም። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ስህተቱን ሌሊት ካረመ ጠዋት ሁሉም የታረመውን ያገኛል። ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የእኛ ፕሮግራም ግን እንደ ተዳረች ልጅ ነው፤ ኑሮው ሰው ቤት ነው፣ እንዴት እንደሰነበተ የምትሰሙትም በስልክ ነው።

አንድ ጊዜ ደሴ ካለ መድኃኒት ቤት ተደውሎ "ድምሩ ተሳስቷል" ተባልኩ። ኮዱን ከፍቼ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈተሽኩ፤ ስህተት የለም። ለካ እነሱ ዘንድ ያለው ከአራት ወር በፊት በፍላሽ የላክሁት ነው፤ እኔ የምፈትሸው ደግሞ በዚያው ላይ ስደልዝና ስጨምር የከረምኩትን። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን፣ ማለትም በኮድ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ስለሆነ መሣሪያው አልጠፋም ነበር፤ "ብቻዬን ለምሠራ ምን ያደርግልኛል?" ብዬ ንቄው እንጂ። ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው፤ "ይህን መስመር እኮ የቀየርከው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው" ብሎ የሚያስታውሰው ባልደረባ የለውምና። አሁን ማስጫኛ ፋይል ከማውጣቴ በፊት ኮዱ ላይ የእትሙን ቁጥር እለጥፋለሁ፤ ያው ቁጥር ፕሮግራሙ መስኮት ግርጌ ላይ በትልቁ ይታያል። በትልቁ የሆነው መነጽራቸውን ቤት የረሱ ገንዘብ ተቀባይም በስልክ እንዲያነቡልኝ ነው።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገራችሁ። መረጃ የማስቀምጠው በኤስኪውላይት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ፣ ሰርቨር የማይጠይቅ፣ ዳታቤዙን በአንድ ፋይል የሚይዝ ስለሆነ ለሱቅ ይስማማል። ያ "አንድ ፋይል" የሚለው ነገር ግን አታለለኝ። አንዲት ባለሱቅን "በየማታው ይችን ፋይል ፍላሽ ላይ ይገልብጧት" አልኳቸው፤ እሳቸውም አንድ ቀን ሳያጓድሉ ገለበጡ። ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽ ከፍላሹ መለስን፤ የመጨረሻው የሁለት ቀን ሽያጭ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍጥነት ፈልጌ ዋል የተባለውን አሠራር መርጬ ነበር። በዚህ አሠራር አዲስ ምዝገባ መጀመሪያ የሚገባው ከዋናው ጎን በሚቀመጥ ሌላ ፋይል ነው፤ ወደ ዋናው የሚተላለፈው ያ ፋይል 1,000 ገጽ፣ ማለትም 4 ሜጋባይት ገደማ ሲሞላ ወይም ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። እሳቸው ደግሞ ፕሮግራሙን አይዘጉም፤ ማታ ላፕቶፑን ከደን አድርገው ይሄዳሉ። እሳቸው ከደረሰኝ ቀሪዎች እያነበቡ፣ እኔ እየጻፍኩ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ተቀመጥን። በመሀል ሻይ ያቀርቡልኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፣ ዳታቤዙ ለዚሁ ባለው ትእዛዝ። ቅጂውንም በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ሳላየው "ቅጂ አለኝ" አልልም።

የአገራችንን ጉዳይ ደግሞ ማንም ከውጭ አዘጋጅቶ አይሰጣችሁም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ ቢገባም ፍለጋው ግን የእኛ ዕዳ ሆኖ ቀረ። አንዷ ጸሐፊ "ኃይሉ" ብላ የመዘገበችውን ሌላዋ "ሃይሉ" ብላ ብትፈልግ ኮምፒውተሩ "የለም" ይላል፤ ሰውየው ፊቷ ቆሟል። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ አዘጋጁና ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው ይመለሱበት። ሰውየው ስሙን የጻፈበትን ፊደል ግን አትንኩበት።

የቀኑ ነገርም አለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ጠዋት ደንበኞቼ ተከታትለው ደወሉ፤ ፕሮግራሙ "የተሳሳተ ቀን" እያለ አላስመዘግብም ብሏል። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበር። እኔ ፕሮግራሙን አድሼ ስጽፍ ጳጉሜን ላይ 5 ብዬ አትሜ ኖሯል፤ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ ነበር? ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው፣ ሱቁ ሁሉ በሰው ተጨናንቋል። አሁን የመቶ ዓመት ቀናትን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ የሚመልስ መፈተሻ አለኝ፤ ከማውጣቴ በፊት አስሮጠዋለሁ፣ የቡና ስኒ አንስቼ ሳላስቀምጥ ያልቃል።

ከመሣሪያዎቼ አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ የለም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፦ የደንበኛው ስም፣ የተጫነለት እትም፣ የተጫነበት ቀን፣ ስልክ ሲደወል የሚያነሳው ማን እንደሆነ። ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት የተኛሁ ጊዜ ልጄ ከዚያ እያነበበች ደንበኞቼን አስተናግዳልኛለች። በመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት አንድ መስመር አለ፦ "ጳጉሜን 6 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከስልክ አትራቅ።"