ሳሚዎችን «ላፕ» ብዬ ጽፌ የደረሰብኝ

ሰላም እህቴ። «ስለ አርክቲክ ሕዝቦች የትምህርት ቤት ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ ኤስኪሞና ላፕ ብል ያስቀይማል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ ያስቀይማል። እኔ ኖርዌይ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ሠርቼ ተቃጥያለሁ።

አንደኛ፣ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜን የሚኖረውን ሕዝብ ሳሚ በዪ። እኔ ከድሮ መዝገበ ቃላት ቀድቼ ጽሑፉን «ላፖች» በሚል ቃል ሞላሁት። ቃሉ በኖርዌይኛም በስዊድንኛም እራፊ፣ ቁራጭ ጨርቅ ማለት መሆኑን አላወቅኩም። ከታተመ በኋላ በወላጆች ስብሰባ ላይ ጮክ ብዬ ሳነብ አንዲት የሳሚ እናት ሰማችኝ። አማርኛ አትችልም፣ ያቺን ቃል ግን ለየቻት። የያዘችውን የቡና ስኒ ቀስ ብላ አስቀመጠችና «አያቴን ትምህርት ቤት እንደዚያ ነበር የሚጠሯት» አለችኝ። ፊቷን ሳይ እስራኤል ያለችው አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ቤተ እስራኤል ናት፣ «ፈላሻ» የሚላት ሲመጣ ልክ እንደዚያ ነው የምትሆነው። እኔ ይህን እያወቅኩ ነው የሰው ስም ሳላጣራ የጻፍኩት፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ያሠራኝ የትርጉም ቢሮ ኃላፊ ደግሞ ረቂቁን አይቶ ያጸደቀው እሱ ሆኖ ሳለ ስልክ ላይ ጮኸብኝ፣ ግማሽ ክፍያዬንም አስቀረ። ጽሑፉን አርሜ በራሴ ገንዘብ አሳተምኩት። የመጀመሪያውን ቅጂ የወሰድኩት ለዚያች እናት ነው፣ እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ በሱ እኮራለሁ።

ላፕላንድ የሚለው የቦታ ስም ግን ፊንላንድ ውስጥ አሁንም የክልል መጠሪያ ነው፣ እሱን አትንኪው። እዚያ የሚኖር ሁሉ ሳሚ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኤስኪሞን ካናዳና ግሪንላንድ ውስጥ አይወዱትም፣ የዚያ ሕዝብ ስም ኢኑይት ነው። ግን ሁሉንም «ኢኑይት» ብለሽ እንዳትገላገዪ። አላስካና የሩሲያዋ ቹኮትካ ውስጥ ያሉት ዩፒኮች ኢኑይት አይደሉም፣ ቋንቋቸውም ሌላ ነው። የሰሜን አላስካዎቹ ኢኑፒያት ናቸው፣ የግሪንላንዶቹ ደግሞ ራሳቸውን ካላሊት ይላሉ። አላስካ ውስጥ ራሳቸውን ኤስኪሞ የሚሉ ሽማግሌዎች ታገኚ ይሆናል፤ እነሱ ስላሉ አንቺ መጻፍ የለብሽም። ምንጭሽ ሩስኛ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ እዚያ ቃሉ ዛሬም በመንግሥት ወረቀት ላይ አለ። ድሮ «ሳሞዬድ» ይሏቸው ከነበሩት የሰሜን ሩሲያ ሕዝቦች ዋነኞቹም ኔኔትስ ናቸው። የድሮው ስም በሩስኛ ጆሮ «ራሱን የሚበላ» ይመስላል፣ እስቲ አስቢው።

«ኢኑይቶች» ብለሽም አትጻፊ። ኢኑይት ራሱ ብዙ ነው፣ አንዱ ሰው ኢኑክ ይባላል። «ካህናቶች» ሲባል ጆሮሽን እንደሚቆረቁርሽ ቁጠሪው።

«ጎሳ» የሚለውንም አውጪው፣ ሕዝብ በዪ። ሳሚዎች ኖርዌይ ውስጥ ከ1989 ጀምሮ የራሳቸው ፓርላማ አላቸው።

ረቂቁን ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ፣ በአንድ ቀን አንብቤ እመልስልሻለሁ። ክፍያሽን ደግሞ ከኅትመት በፊት ተቀበዪ።