ከሮቶ ውሃ መብራት ይወጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ግቢዬ ውስጥ 6 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ 1,000 ሊትር ሮቶ አለኝ። ቧንቧ ላይ የምትገጠም ባለ 12 ቮልት ትንሽ ተርባይን ሱቅ ውስጥ አየሁ። መብራት ሲጠፋ ቤቴን ታበራልኛለች?

መልስ፦ ቤትዎን እንኳ አታበራም። አንዲት ትንሽ አምፖል ምናልባት። እሷም ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ ብቻ።

1,000 ኪሎ ውሃ በ6 ሜትር፣ ከዚያ በ9.8 (የመሬት ስበት ነው) ያባዙት። ወደ 59,000 ጁል ይመጣል፤ 16 ዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። አንድ ስልክ አንዴ ቢሞላ ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ተርባይኖች ደግሞ ከግማሹ በላይ ያባክናሉ። ሙሉ ሮቶ አፍስሶ ግማሽ ቻርጅ!

እኔም አላረፍኩም፣ ሻወሩ ቧንቧ ላይ ገጥሜ ሞክሬያታለሁ። ኤልኢዲዋ ቦግ ስትል እንደ ልጅ ጨፈርኩ። ባለቤቴ ግን ሳሙና እንደተቀባች «ምነው ውሃው ቀጠነ?» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ተርባይኗ ጉልበቷን የምትወስደው ከውሃው ግፊት ነው፤ በነፃ አትሰጥም። ሮቶውን በፓምፕ የሚሞሉ ከሆነማ፣ ፓምፑ የሚበላው ከምታመነጨው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

«የቆቃ ኃይል ማመንጫስ በውሃ አይደል የሚሠራው?» ይሉኝ ይሆናል። ነው፤ ግን እዚያ የሚገፋው አዋሽ ነው፣ ቀን ከሌት።

የአዳማ ፀሐይ እያለልዎት ባለ 20 ዋት ሶላር ይግዙ። 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘ እስከ 100 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ስድስት ሮቶ በሉት። አቧራውን ብቻ ቶሎ ቶሎ ይጥረጉለት።