ከኮምቦልቻ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው ላልሽው እህት

አብሽሪ እህቴ። እናትሽ ከኮምቦልቻ ተነስታ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ድረስ ብቻዋን ልትሄድ ነው፣ ርቀቱና ሰዓቱ ስንት ነው ብለሻል። እኔም እናቴን በዚሁ መስመር ነው የላክኋት።

1. በኪሎ ሜትሩ አትጨነቂ። ከኮምቦልቻ ቦሌ በአየር 250 ገደማ ነው፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከቦሌ ደለስ ወደ 11,500 ይሆናል። ሲኬድ መሃል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ስለሚያርፍ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይወስዳል፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ንፋሱም ከፊት ነው። መሃል ላይ ሲያርፍ ደረስኩ ብላ እንዳትወርድ ደጋግመሽ ንገሪያት።

2. የኮምቦልቻውና የደለሱ በረራ በአንድ ቲኬት ይሁን። እዚህ ላይ ነው እኛ የተቃጠልነው። ቲኬት የሚቆርጥልን ቢሮ ሳይነግረን ለየብቻ ቆረጠው። በበረራው ቀን የሐረጎ ተራራ ጭጋግ ለብሷል፣ ከደሴ በሌሊት ወርደን ኮምቦልቻ ብንደርስ በረራው በአየሩ ምክንያት ተሰረዘ። እናቴ ሻንጣዋን አቅፋ ቁጭ ብላለች። በአንድ ቲኬት ቢሆን አየር መንገዱ ራሱ በሚቀጥለው በረራ ያሳፍራት ነበር። ለየብቻ ሲሆን ግን ቦሌ ላይ የቀረች ተደርጋ ተቆጠረች። ቢሮው ስደውል ሰውየው ሰላምታዬን እንኳን ሳይመልስ «ቲኬቱ ለየብቻ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አለኝ። ወላሂ አሁን ድረስ ያናድደኛል። ቅጣቱንና የዋጋ ልዩነቱን ከኪሳችን ከፈልን። በሁለተኛው ጊዜ ከበረራው ቀን በፊት በመኪና አዲስ አበባ አስገባኋት። በጣርማ በር በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ግን እንቅልፌን ተኛሁ። የመንገዱን ሁኔታ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ሰዓቱንም በደንብ አንብቢ። 22:30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። 00:30 ካለ ደግሞ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለባት በዋዜማው ምሽት ነው። እዚያ ያለው ሰዓት በሙቀታቸው ወራት ከእኛ በ7፣ በብርዳቸው ወራት በ8 ወደ ኋላ ነው። ተቀባይዋ ይህን ታስብ።

ዊልቸር ስትቆርጪ ጠይቂላት፣ ባትደክምም። በነፃ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ደለስ ላይ አንድ ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ ኢሚግሬሽኑን አሳልፎ፣ ሻንጣዋን አንስቶ እህቴ እጅ ላይ አደረሳት። ጠዋት ደውላ «በሰላም ገባሁ» ስትለኝ የወጣው ብር ሁሉ ተረሳኝ።

ቲኬቱን ከመክፈልሽ በፊት ስሟንና ቁጥሩን ሸፍነሽ ፎቶውን እዚህ ለጥፊው፣ አይቼ አንድ መሆኑን እነግርሻለሁ።