ሠራዊቱ ከተበተነ በኋላ ወደ ውንብድና ስለገቡ ወታደሮች፦ ከባሕር ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋሼ፣ በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ ወታደሩ ወደ ዝርፊያ የገባው ጭካኔ ስለለመደ ነው ይባላል። እርስዎም በሠራዊቱ ውስጥ ስለነበሩ ምን ይላሉ?

መልስ፦ በዚህ አልስማማም። ከ450 ሺህ በላይ ሰው ደመወዙን፣ ስንቁንና አዛዡን በአንድ ጊዜ አጥቶ ተበተነ። እኔ ከአስመራ ግንባር ተነሥተን በሱዳን በኩል ከተመለስነው አንዱ ነኝ፤ በየመንገዱ ቁራሽ እየለመንን ነው አገራችን የገባነው። ክላሽ ብቻ የቀረለት ሰው ወይ ሸጦት ይበላል፣ ወይ ይዞት መንገድ ላይ ይቆማል፤ እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ሸጠውታል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ አባቶቻችን ሽፍታን ያከብሩ ነበር፤ ከወንበዴ በምን ይለያል?

መልስ፦ በወጋችን ሽፍታ የሚባለው በደል ደርሶበት ዱር የገባ ሰው ነው፤ የቋራው ካሳ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነዋል። በጣልያን ጊዜ የተዋጋው በላይ ዘለቀም ከድል በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ተሰቅሏል። ሆኖም በሬው የተነዳበት ገበሬ ይህን ልዩነት አይቆጥረውም፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ ብዙዎቹን ከወንጀል ያዳናቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት መሬት ነው። በሰኔ 1983 የቀድሞው ሠራዊት አባላት ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ቀለብ፣ ዘርና ለአንዳንዶቹም በሬ ሰጥቷል፤ የገጠሩ ልጅ እርሻውን ሲይዝ፣ ንስሐ አባቱና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲቀበሉት፣ ስሙ ከወታደርነት ወደ ገበሬነት ተመለሰ። የከተማው ልጅ ግን ከጠመንጃ በቀር ሙያ ሳይኖረው ተመልሶ፣ ጎረቤቱ «የደርግ ወታደር» እያለ ሲሸሸው፣ ስሙን የሚያውቅለት የቀድሞ የጓዱ ቡድን ብቻ ሆነ። ሾፌርና መካኒክ የነበሩት ቶሎ ሥራ አገኙ፤ እግረኛው ነው የተጎዳው። ኮሚሽኑ ለከተማው ልጅ የሙያ ሥልጠናን ቢያስቀድም ኖሮ ብዙ እስር ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ለአገር መዋጋት ቅጣት ያቀላል?

መልስ፦ ብቻውን አያቀልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 671 ከባድ ውንብድና የሚያስከትለው ቅጣት ብርቱ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጦርነት ከተመለሰ ወዲህ ሌሊት አይተኛም፤ ከጓደኞቹም ጋር እየወጣ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን አትቀበዪው፤ ከቤትም አታባርሪው። የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ከጓደኞቹ ተለይቶ ሳለ አነጋግሩት፤ እንቅልፍ ማጣቱንም ስንፍና ብላችሁ አትለፉት፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብረሽው ሂጂ። መሣሪያ ካለው በሽማግሌው በኩል ያስረክብ። ሥራ እስኪያገኝም ድረስ ማታ ማታ አብሮት የሚቀመጥ ሰው አይጥፋ።