መስታወቱን ተይውና ማስመሪያ ያዢ

እህቴ፣ «ከዓይኔ ስር ያለውን የስብ ከረጢት ለማስወገድ የታችኛውን የዓይን ቆቤን ቀዶ ጥገና ከተሰራሁ 6 ሳምንቴ ነው፣ ክሊኒኩ አምሮብሻል ይለኛል፣ እኔ ግን መስታወት ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ይለዋወጣል፣ መሳካቱን በምን ልወቅ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ነው ያየሁት። ሰው አትጠይቂ፣ ለኪ።

1. የድሮ ፎቶ ፈልጊ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተነሳሽው፣ ፊት ለፊት ያየሽበት፣ ያልሳቅሽበት። ጉርድ ፎቶ ከሁሉም ይሻላል። ስትስቂ ጉንጭሽ የታችኛውን ቆብ ወደ ላይ ስለሚገፋው የሠርግ ፎቶ ምንም አይነግርሽም።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የተቃጠልኩት። በ2ኛው ወር የግራ ዓይኔ ጥቁሩ ክፍል ከታች ነጭ መስመር አወጣ። ዓይኔ የፈጠጠ መሰለ፣ ማታ ማታ ደግሞ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «እብጠት ነው፣ ይጠፋል» አለችኝ። ሐኪሙም እንደቆመ «ድሮም እንደዚህ ነበርሽ» ብሎኝ አለፈ። ድሮም! በገዛ ዓይኔ! የቀድሞ ፎቶዬን ስጡኝ ስል የክሊኒኩ ንብረት ነው ተባልኩ። በስንት ልመና ስክሪን ላይ አሳዩኝ። «በፊት» የሚለው መብራቱ ከአናቴ በላይ ሆኖ፣ አገጬን ዝቅ አድርጌ የተነሳሁት ነው። «በኋላ» የሚለው ደግሞ በፍላሽ፣ አገጬ ቀና ብሎ። ከላይ የሚመጣ መብራት ከረጢቱ ስር ጥላ ይጥላል፣ ከፊት የሚመጣ ፍላሽ ደግሞ ያንኑ ጥላ ያጠፋዋል። ቀዶ ጥገና ባላደርግም እንኳን በዛ ፎቶ ያምርብኝ ነበር!

2. ስለዚህ አንቺ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት፣ በአንድ ርቀት ተነሺ። ስልኩን ፊትሽ ላይ አትለጥፊው፣ ያዛባል። ጠዋት ተኝተሽ ስለምትነሺ ያብጣል፣ ከሰዓት ይሁን። አንድ ፊት ለፊት፣ አንድ ወደ ላይ እያየሽ፣ አንድ ከጎን። ወደ ላይ ስታዪ የቀረ ስብ ካለ ወጣ ብሎ ይታያል።

3. ዋናው ይሄ ነው። ብሌንሽ መሐል የመብራቱ ነጭ ነጥብ ትታያለች። ከሷ እስከ ታችኛው ቆብ ጠርዝ ያለው ርቀት በአብዛኛው ሰው 5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ቁጥሩ ከድሮው ካደገ ቆቡ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። በፎቶ ለመለካት ደግሞ የዓይን ጥቁሩ ክፍል (ብሌኑ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ባለቀለሙ ክብ በሙሉ) ይረዳሻል፣ ምክንያቱም ወርዱ በአዋቂ ሰው ላይ ብዙም አይለያይም፣ 11.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፎቶውን አጉልተሽ እሱ 47 ሚሊሜትር ከሆነ 4 እጥፍ ጎልቷል ማለት ነው፣ ሌላውንም ለ4 አካፍዪ።

ከድሮ የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ስቴፕለር የበሳው ጉርድ ፎቶዬን ነቅዬ ለካሁ። ግራዬ 5 ነበር። አሁን 7! ያንን ወረቀት ይዤ ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የራሱን ማስመሪያ አውጥቶ ለካ፣ 7 ብሎ ካርዴ ላይ ጻፈ፣ ቆቡንም በጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀውና ቶሎ እንደማይመለስ አሳየኝ። ይሄ መላላት ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በፊት መታየት ነበረበት። 6 ወር ሲሞላኝ የዓይኔን የውጪ ጥግ አጠበቀልኝ። አሁን 5 ተኩል ነው፣ ስተኛም ዓይኔ ሙሉ በሙሉ ይከደናል።

4. ስለ ከረጢቱ ገና አትፍረጂ። ብልዘቱ በ2 ሳምንት ገደማ ይጠፋል፣ ስውሩ እብጠት ግን ወራት ይፈጃል። በየወሩ ተመሳሳይ ፎቶ ተነሺ። ድንገት ከባድ ሕመም ከመጣ ወይም እይታሽ ከደበዘዘ ግን መለካት የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ዛሬ ከሰዓት ግራና ቀኙን ለየብቻ ለክተሽ ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ ጉርድ ፎቶሽ ላይ ካለው ጋር አብረን እናስተያየዋለን።