ድራመሩን የማያደክም የጃፓን ሮክ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የምንማር አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ ጊታርና አንድ ድራም አለን። ያገናኘን የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) ነው፤ የናሩቶን መክፈቻ ዘፈኖች በቃላችን እናውቃቸዋለን። ሰኔ ላይ በሚደረግ የተማሪዎች ዝግጅት ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶናል። ከእነሱ አንዱን፣ የካና ቡን ባንድን «ሲልዌት» ይዘን ተነሣን፤ ነገር ግን ድራም የሚመታው ጓደኛችን ከጀመረ ገና ጥቂት ወራት ስለሆነው እኩሌታው ላይ ክንዱ ይዝላል፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም እንበታተናለን። ሰው ፊት ሳናፍር የምንጫወታቸው ቀላል የጃፓን ሮክ ዘፈኖች ይኖሩ ይሆን? የሚዘፍነው ሪትም ጊታር ተጫዋቹ ነው፤ ድምፁ ወፍራም ነው።
አራቱ ከፖሊ

መልስ፦ እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ። በዚህ ከተማ በሠርግም በሆቴልም ቤዝ ጊታር ስጫወት ኖሬአለሁ፤ አሁንም ግሽ ዓባይ ሰፈር ውስጥ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ጀማሪ ባንዶች ዘፈን ሲመርጡ ሁልጊዜ ከጊታሩ ይነሣሉ። እኔ ደግሞ ከድራሙ ተነሡ እላለሁ። ጊታር አንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ቢስት ከአዳራሹ የሚያውቅበት ጥቂት ሰው ነው፤ ድራም ከቆመ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለዚህ መለኪያችሁ አንድ ብቻ ይሁን፦ ድራመራችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆም የሚመታው ዘፈን ነው የእናንተ ዘፈን። «ሲልዌት» ሩጫው ስለማይረግብ ለከርሞ ይቆይ።

በጃፓን ያሉ እኩዮቻችሁም የሚጀምሩት እንዲሁ ነው። በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የባንድ ሙዚቃ ክበብ አለ፤ ልጆቹ ለትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በዓል ተለማምደው መድረክ ይወጣሉ። ከትውልድ ትውልድ ሲጫወቷቸው የኖሩ፣ የጀማሪ እጅ የለመዳቸው ዘፈኖች አሏቸው። ከእነዚያ ሦስቱን፣ ከራሴ ደግሞ አንድ ልጨምርላችሁ።

የመጀመሪያው የብሉ ሃርትስ «ሊንዳ ሊንዳ» ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዘፈኑ በድምፅና በጊታር ብቻ በዝግታ ይጀምራል። ግጥሙ እንደ ቦይ አይጥ ውብ መሆን ስለሚመኝ ሰው፣ ፎቶግራፍ ላይ ስለማይታይ ውበት ይናገራል። ድራመሩ በዚህ ጊዜ እጁን አሳርፎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም) አንድና ሦስት ላይ፣ ስኔሩን (ፊቱ ያለውን ጠፍጣፋ ድራም) ሁለትና አራት ላይ ይምታ፤ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። ሃይ ሃቱን (ጥንዱን ሳህን) በአንድ ዙር ስምንት ጊዜ መምታት ክንዱን ካዛለው አራት ጊዜ ብቻ ይምታው። ዘፈኑ አንዳች አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ይጠራል። አዝማቹ የዘፈኑ ስም ራሱ ስለሆነ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አዳራሹ አብሯችሁ ይጮኻል። መዝጊያችሁ አድርጉት።

ሁለተኛው የስፒትዝ «ቼሪ» ነው፤ የ1996 ዘፈን። ይህ ረጋ ያለ ነው፤ ድራመሩ የሚተነፍስበት ነው። ኮርዶቹ በአብዛኛው ጊታር የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚማራቸው ናቸው፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነርና ኤፍ። የሚያስቸግረው ኤፍ ብቻ ነው። ጠቋሚ ጣታችሁን ስድስቱም ክሮች ላይ አስተኝታችሁ አትታገሉ፤ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ትታችሁ አራቱን ቀጫጭኖች ብቻ ያዙ። የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ቤዙ ይሞላዋል፤ ቤዝ የተፈጠረው ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የዘፋኛችሁ ነገር ይመጣል። የስፒትዙ ድምፃዊ ማሳሙኔ ኩሳኖ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ እሱን ልከተል ካለ ጉሮሮው ይሰነጠቃል። የሁለቱንም ጊታሮች ስድስት ስድስት ክር፣ የቤዙንም አራት ክር እኩል አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ። ጣታችሁ የሚይዘው ኮርድ አይለወጥም፤ ዘፈኑ ብቻ ወደ ዘፋኙ ይወርዳል። በመድረክ ላይ በየዘፈኑ መካከል መቃኘት ታዳሚን ያሰለቻል፤ ስለዚህ ሃያውን ደቂቃ በሙሉ በዚያው ቅኝት ተጫወቱ።

ሦስተኛው የሞንጎል 800 «ቺሳና ኮይ ኖ ኡታ» ነው፤ በ2001 የወጣ የፍቅር ዘፈን። ባንዱ የኦኪናዋ (በደቡብ ጃፓን ያለ ደሴት) ልጆች ናቸው፤ ሦስት ብቻ ሆነው፣ ቤዝ ተጫዋቹ እየዘፈነ ነው የሠሩት። ጥቂት ኮርዶች እየተመላለሱ ይሄዳሉ። ፈጠን ስለሚል በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ከዋናው ፍጥነት ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ሰኔ እስኪደርስ ዋናው ፍጥነት ላይ ባትደርሱም በደረሳችሁበት ተጫወቱት። ዝግ ብሎ የጸና ባንድ ፈጥኖ ከሚንገዳገድ ይሻላል።

አራተኛው የእኔ ምርጫ ነው፤ እንድትተዉት አልፈልግም። የዘ ቡም «ሺማ ኡታ»፣ 1992። ሮክ ባንድ ነው የሠራው፤ አብዛኛው ዜማ ግን በኦኪናዋ ባህላዊ ቅኝት ነው የተቀመጠው፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አሁን ክራር የሚጫወት ጓደኛ ፈልጉና «ባቲ ሜጀር ቃኝልን» በሉት። የሚሰጣችሁ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ነው። ኦኪናዋዎች ዜማውን ሳንሺን በሚባል ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ይጫወቱታል፤ እናንተ በክራር ተጫወቱት። ክራሩ ከጊታሮቹ ጋር እኩል ዝቅ ብሎ መቃኘቱን አትርሱ። ይህን ዘፈን በክራር ብትከፍቱት አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጃፓን ይሁን ወሎ ለመለየት ጆሮውን ያቆማል። የማያውቁትን ቋንቋ የሚያውቁት ዜማ ሲያመጣላቸው ሰዎች እንዴት ቀና እንደሚሉ ታያላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በዘፈኑ መካከል ሁለት ሰዎች በሸንኮራ አገዳ ጫካ ውስጥ ስለ መገናኘታቸውና ስለ መለያየታቸው የሚናገር ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ዜማው ከቅኝቱ ይወጣል፣ ክራሩም ድምፆቹን አያገኛቸውም። ደራሲው ካዙፉሚ ሚያዛዋ ሆን ብሎ ነው ያደረገው። ዘፈኑ በ1945 በኦኪናዋው ጦርነት ስላለቁት ሰዎች ነው፤ እሱ የዋናው ጃፓን ሰው በመሆኑ ያንን ክፍል በኦኪናዋ ቅኝት ማስቀመጥ አልፈለገም። ስለዚህ ክራሩ እዚያ ዝም ይበል፤ ጊታሮቹ ብቻቸውን ይሻገሩት። ክራሩ ተመልሶ ሲገባ የዘፈኑ ትርጉም አብሮት ይገባል። ሰው ስለሞተበት ነገር ነው የምትዘፍኑት፤ እየዘለላችሁ አትጫወቱት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ በ«ሺማ ኡታ» ጀምሩ፣ «ቼሪ»ን አስከትሉ፣ ከዚያ የሞንጎል 800ን፣ በመጨረሻ «ሊንዳ ሊንዳ»ን። አራቱ ሃያ ደቂቃችሁን ይሞላሉ። ናሩቶ ናሩቶ ለሚለው ልባችሁ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የኤዥያን ኩንግ ፉ ጄኔሬሽንን «ሀሩካ ካናታ» አስቡ፤ ሁለተኛው መክፈቻ የነበረው ነው። በቤዝ ስለሚጀምር ቤዝ ተጫዋቻችሁ ከወዲሁ ይለማመደው።

ጥያቄ፦ እኔ የምዘፍን ልጅ ነኝ፤ ጃፓንኛ አልችልም። ግጥሙን በላቲን ፊደል ጽፌ ሳነብ ምላሴ ይተሳሰራል። ቃሉን አበላሽቼ ብዘፍን ነውር አይሆንም?
ከሽንብጥ

መልስ፦ ልጄ፣ የላቲኑን ወረቀት ተይውና በራሳችን ፊደል ጻፊው። ጃፓንኛ እንደ እኛው ተነባቢና አናባቢ አብረው በአንድ ምልክት የሚጻፉበት ቋንቋ ነው፤ በዘፈንም አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ይደርሰዋል። የሞንጎል 800ን ርዕስ ብትጽፊው ቺ፣ ኢ፣ ሳ፣ ና፣ ኮ፣ ኢ፣ ኖ፣ ኡ፣ ታ ይሆናል፤ ዘጠኝ ፊደል፣ ዘጠኝ ምት። ብቻዋን የቆመች «ን» ስታገኚ እንደ ሙሉ ፊደል ጊዜዋን ስጫት፤ የሚረዝመውን አናባቢም ሁለት ጊዜ ጻፊው። መጀመሪያ ሳትዘፍኚ እግርሽን እየመታሽ አንብቢው፤ ዜማውን ከዚያ በኋላ ጨምሪበት።

ነውርነቱን በተመለከተ «ሊንዳ ሊንዳ ሊንዳ» የሚባል የ2005 የጃፓን ፊልም አለ፤ ዳይሬክተሩ ኖቡሂሮ ያማሺታ ነው። የብሉ ሃርትስን ዘፈኖች ለትምህርት ቤት በዓል የሚያዘጋጁ ልጃገረዶች ታሪክ ሲሆን፣ ድምፃዊት አድርገው የሚመርጧት ጃፓንኛዋ ገና ያልጠና የኮሪያ ተማሪ ናት። ብታገኚው እይው። ግን የምትዘፍኚው ምን እንደሚል ሳታውቂ መድረክ አትውጪ፤ ትርጉሙን ከእያንዳንዱ መስመር ሥር በአማርኛ ጻፊው። ፊትሽ የሚዘፍነው ያንን ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ባለ መናፈሻ ከሰዓት በኋላ ልንጫወት ነው። መብራት ቢጠፋስ?
ሦስት ጓደኛሞች፣ ቀበሌ 14

መልስ፦ አንድ ዘፈን ያለ ኤሌክትሪክ አዘጋጁ። «ቼሪ» በአንድ ቦክስ ጊታርና በከበሮ ብቻ ያምራል፤ ድራመሩ ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ፊት ይምጣ፣ እናንተም ሰዉ አጠገብ ድረስ ቅረቡ። ክፍት ቦታ ላይ ድምፅ ይበተናልና ሳውንድ ሲስተም የሚያከራያችሁን ሰው አንድ ሞኒተር (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ወደ ድራመሩ፣ አንድ ወደ ዘፋኙ እንዲያዞርላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የሠርግ ኪቦርድ የለመደ ባለሙያ ካልተነገረው ሁሉንም ወደ ታዳሚው ነው የሚያዞረው። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ደግሞ ወረቀት ይወስዳል። ግጥሙንና ኮርዱን በፕላስተር ከማቆሚያው ጋር አጣብቁት፣ ማይክሮፎኑንም ስፖንጅ አልብሱት።