ክሮከሱ ቅጠል ብቻ አወጣ ላልሽው እህት፣ ረዘም ያለ መልስ

እህቴ ጥያቄሽን ማታ አይቼ በስልክ መመለስ ጀምሬ ረዘመብኝ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ላላነበቡት፣ እህታችን ቨርጂኒያ ናት፣ ካቻምና ፎል ላይ አንድ ከረጢት ክሮከስ ገዝታ ፊት ለፊት ሳሩ ውስጥ በተነች፣ ብዙውን ሽኮኮ ቆፍሮ ወሰደባት፣ የቀረው አምና አበበ፣ ዘንድሮ ግን ቀጭን ቀጭን ቅጠል አውጥቶ ያለ አበባ ቀረ። ለእናቷም አዲስ አበባ ይዛ መሄድ ትፈልጋለች። እኔ ማዶ ሜሪላንድ ነኝ፣ አየሩም አፈሩም ያው ነው፣ ያ የተረገመ ቀይ ሸክላ ማለት ነው፣ ክሮከስ ደግሞ ከቱሊፕም ከምኑም አስበልጬ የምወደው አበባ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ባለቤትሽ ሳሩን መቼ ነው ማጨድ የሚጀምረው? ኤፕሪል መጀመሪያ ካልሽኝ ነገሩ አለቀ፣ የዘንድሮውን በሽኮኮ አታሳብቢ።

ምክንያቱም ክሮከስ ቆርጠሽ ብታዪው እንደ ሽንኩርት ድርብርብ አይደለም፣ እንደ ጎደሬ ድፍን ነው፣ ኮርም ይሉታል። አበባው ሲወጣ የአምናውን ኮርም ጨርሶ ይበላና ከላዩ ላይ አዲስ ይሠራል፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለው በየዓመቱ አዲስ ነው እንጂ ያው የተከልሽው አይደለም። አዲሱን የሚቀልበው ደግሞ ቅጠሉ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ያ ሳር የሚመስል መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው ቅጠል ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያህል ፀሐይ እየሞቀ ካልቆየ አዲሱ ኮርም ኮስሶ ይቀራል፣ የኮሰሰ ኮርም ደግሞ ቅጠል እንጂ አበባ የማውጣት አቅም የለውም። አምና ማጨጃው ሄደበት ዘንድሮ ቅጠል ብቻ አየሽ፣ ዘንድሮም ከታጨደ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉንም ላታዪው ትችያለሽ። ስለዚህ ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪተኛ አይነካ፣ እኛ ጋ ሜይ መጀመሪያ አካባቢ ይደርሳል፣ አይጎንጎን አይታሰር (አንዳንድ ሰው ለማማር ብሎ ያስረዋል፣ ፀሐይ ከለከለው ማለት እኮ ነው)። ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አላችሁ መሰለኝ፣ ሳሩ ረዘመ ብለው ደብዳቤ የሚልኩ ከሆነ ሳሩን ተዪውና ጠርዝ ላይ መደብ አውጥተሽ እዚያ ትከዪ፣ ለክሮከስ ብሎ ከኤችኦኤ ጋር መጣላት አያዋጣም። ሌላው ደግሞ ስፕሪንግ ላይ ዳንዴሊዮን ለማጥፋት የሚረጨው መድኃኒት፣ የክሮከሱ ቅጠል አረንጓዴ እያለ ከተረጨ እሱንም ይጎዳዋል፣ ሳር የሚያጭድላችሁ ካምፓኒ ካለ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ዝርያው። ትልልቆቹ መደብሮች ሴፕቴምበር ላይ በከረጢት የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ አበባ ያለው የሆላንዱ ቨርነስ ነው፣ ሐምራዊ፣ ነጭ፣ ሽንትር ሽንትር ያለበት። ቆንጆ ነው አልልሽም አይደለም፣ ግን አንቺ “ገና በረዶው ሳይለቅ የሚያብበውን” ነው የፈለግሽው፣ ቨርነስ ከሌሎቹ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የሚመጣው ቶማሲኒያነስ የሚባለው ነው፣ አትክልተኞቹ ቶሚ ይሉታል፣ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ ገና ሳይከፈት ከውጭ ብር መሳይ። አንድ ሁለቱን ብታዪ ይሄ ነው ወይ ትያለሽ፣ በብዛት ሲሆን ግን ጓሮው ይለወጣል። ሁለት ትልቅ ጥቅም አለው፣ አንደኛ ሽኮኮ ከሌሎቹ ክሮከሶች ይልቅ እሱን ይተወዋል (በፍጹም አይነካም የሚሉሽን አትመኚ፣ ሲርበው ይነካል)፣ ሁለተኛ በራሱ ዘርም በልጅ ኮርምም ስለሚራባ እየሰፋ ይሄዳል። ቢጫ ወይም ክሬም ከወደድሽ ደግሞ ክሪሳንተስ የሚባለው አለ፣ እሱም የበረዶ ክሮከስ ከሚሏቸው ነው፣ ክሪም ቢዩቲ እና ብሉ ፐርል የሚባሉት የሱ ዓይነቶች ናቸው፣ እኔ ከቶሚ ጋር ቀላቅዬ ነው የምተክለው። እነዚህን መደብር ላታገኚ ትችያለሽ፣ ኦንላይን ኦገስት ላይ እዘዢ፣ የሚልኩልሽ በመትከያው ሰዓት ነው።

ስትገዢ እጅሽ ላይ ጠንከር ይበል፣ ሻጋታ ወይም ቅል የሆነ ቀላል ነገር ካለ ጣዪው። ከታንክስጊቪንግ በኋላ በግማሽ ዋጋ የሚጥሉትም ጠንካራ እስከሆነና መሬቱን በረዶ እስካልያዘው ድረስ ይሆናል።

መትከያው፣ ሴፕቴምበር ላይ አትቸኩዪ፣ እኛ ጋ አፈሩ ገና ሙቅ ነው። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ያለው ለኔ ምርጡ ጊዜ ነው፣ መሬቱ ቀዝቅዞ ግን በረዶ ያልያዘው ሰዓት። ጥልቀቱ ሦስት አራት ኢንች፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ ለየብቻው ጉድጓድ ከመቆፈር አንድ ሰፋ ያለ ጉድጓድ አውጥተሽ ሁለት ሦስት ኢንች እያራራቅሽ ደርድሪና ባንዴ አፈሩን መልሺ። አንዱ ቢገለበጥብሽም ይወጣል፣ ጥልቀቱ ቢያንስበትም የሚኮማተር ሥር ስላለው ራሱን ወደ ታች ይስባል፣ ይሄን ነገር ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል። እዚህም እዚያም አንድ አንድ አትበትኚ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ከመስኮት የሚታይሽ የተሰበሰበው ነው።

ቀይ ሸክላው ላይ ዋናው ችግር ውኃ መቋጠሩ ነው፣ ኮርሙ ይበሰብሳል። ዳገታማውን ቦታ ምረጪ፣ ኮምፖስት ቀላቅለሽ መደቡን ከፍ አድርጊው። ጠዋት ፀሐይ የሚመታው፣ በተለይ ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ሥር ከሆነ ከሌላው ቀድሞ ያብባል። ትልቅ ዛፍ ሥር ይሆናል ወይ ብለሽ ነበር፣ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ክሮከሱ ሥራውን ጨርሷል፣ ጥድ ሥር ከሆነ ግን ተዪው። ሰመር ላይ ደግሞ ተኝቶ ደረቅ አፈር ነው የሚፈልገው፣ በየቀኑ ስፕሪንክለር የሚያጠጣው ቦታ አይሁን።

ሽኮኮው ጋ መጣሁልሽ። ሽኮኮ የሚያገኘው አዲስ የተቆፈረ አፈርና ሽታ ተከትሎ ነው፣ ስለዚህ የረገፈውን የኮርም ልጣጭ ለቅመሽ ጣዪ እንጂ ላዩ ላይ አትተዪ። ቦን ሚል የሚባለውን የአጥንት ዱቄት ጨምሪ የሚሉሽም አሉ፣ እኔ አልመክርም፣ ሽታው ውሻም ሌላ አውሬም ይጠራል። ከተከልሽ በኋላ የዶሮ ሽቦ አፈሩ ላይ ዘርግተሽ ጠርዙን ቅበሪው፣ ከላይ ትንሽ መልች (የተፈጨ ቅርፊት ወይም ደረቅ ቅጠል) አልብሺበት። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ በቀዳዳው ያልፋል፣ የማይመችሽ ከሆነ ጫፉ ብቅ ሲል አንሺው። በርበሬ መበተን የሚሉትን ተዪው፣ ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፣ በርበሬያችንም እዚህ አገር በነፃ አይመጣም።

ጃንዋሪ ላይ ሙቀት መጥቶ ጫፉ ቢወጣ አትደንግጪ፣ ካበበ በኋላ በረዶ ቢወርድበትም አይሞትም፣ ተዘግቶ ይጠብቃል። ደመናና ማታም ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ሃምሳ ዲግሪ ፋራናይት አለፍ ሲል ንቦችም የሚወጡት ያኔ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ምንም ሌላ ምግብ በሌለበት ሲርመሰመሱበት ታያለሽ። እኛ ሰፈር ዓመቱ ጥሩ ከሆነ ዓድዋ ሰሞን ሙሉ ለሙሉ ፈክቶ አገኘዋለሁ።

ከታች ኮሜንት ላይ “ሳፍሮን ነው ወይ፣ ሻይ ውስጥ ይገባል?” ያልሽውም እህት፣ አይደለም። ሳፍሮን የሚወጣው ሳቲቨስ ከሚባለው በፎል ከሚያብበው ክሮከስ ነው፣ አንድ አበባ ሦስት ቀይ ክር ብቻ ነው ያለው፣ አንድ ግራም ለማግኘት መቶ ሃምሳ አበባ ገደማ ይጠይቃል። የስፕሪንጉን ማንም እንዳይበላው። ከዚህ ይልቅ ግን የሚያስፈራው ኮልቺከም ነው፣ እሱም በፎል ያብባል፣ አንዳንዱ መደብርም የፎል ክሮከስ ብሎ ይሸጠዋል፣ ሰውም እንስሳም የሚገድል መርዝ አለው። መለያው ክሮከስ ሦስት ወንዴ ዘንግ አለው፣ ኮልቺከም ስድስት። ቆጥራችሁ ሦስት ካልሆነ እጃችሁን አንሱ።

የእናትሽ ነገር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አዲስ አበባ አይሆንም። ማበብ እንዲችል አሥራ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያልተቋረጠ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ከዘጠኝ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች። አዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ነው እንጂ ቀኑ ሃያውን ያልፋል፣ አፈሩ አይቀዘቅዝም። ፍሪጅ ውስጥ አቆይተሽ በሳህን ብትተክይላቸው አንዴ ያብብላቸዋል (ፍሪጁ ውስጥ ፖምና ሙዝ አጠገብ አይቀመጥ፣ ከፍራፍሬው የሚወጣው ጋዝ ውስጡ ያለውን እምቡጥ ይገድላል)፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን ምንም አይጠብቁ። ሻንጣ ውስጥ መክተቱም ያለ ኳራንቲን ፈቃድ አይሆንም፣ አፈርና ተክል በሽታ ይዞ ይሄዳል። እዚያው ከሚሸጡ ችግኝ ቤቶች ግላዲዮለስ ግዢላቸው፣ እሱም ከኮርም ነው የሚበቅለው፣ ብርድ ጠብቁ አይልም።

ያሉሽን የዘንድሮዎቹን ግን አትንቀያቸው፣ ቅጠሉ አሁንም አረንጓዴ ከሆነ እስኪተኛ ይቆይ፣ ዙሪያውን እንጨት ነገር ትከይበትና ባለቤትሽ በማጨጃው ይዙረው። በሁለተኛው ዓመት መልሰው ሊያብቡ ይችላሉ። የከረጢቱ ወረቀት ካለሽም ስሙን ጻፊልኝ፣ የትኛው እንደሆነ አይቼ እነግርሻለሁ።